የከበሮውን ምት የማይሰማ ፓርቲክል፦ በሙዚቃ አኒሜሽን ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ አንድ የሠርግ አዳራሽ ነበርኩ። ከመድረኩ ጀርባ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ የእኔ ሥራ እየሄደ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ የብርሃን ብናኞች፣ በሙያው ፓርቲክል የምንላቸው፣ ሙዚቃውን ተከትለው እንዲንቀሳቀሱ ሳምንት ሙሉ ለፍቼበታለሁ። ጭፈራው ሲደምቅ ሰው ሁሉ እስክስታ ወረደ። ትከሻው ከከበሮው ጋር አንድ ሆኗል። ስክሪኑ ግን በራሱ ጊዜ ይዘላል። ዲጄው ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ስክሪኑ የሚሰማው ሌላ ዘፈን ነው እንዴ?» አለኝ። የቀረውን ምሽት ስክሪኑን ትቼ የሰዎቹን ትከሻ ሳይ አመሸሁ።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። በአኒሜሽን ሶፍትዌሮቹ በአፍተር ኢፌክትስም ሥሩት፣ በብሌንደር፣ በተችዲዛይነር ወይም ብራውዘር ላይ በኮድ፣ ስህተቶቹ ያው ናቸው።

ሁሉንም ነገር ከድምፁ ጩኸት ጋር ማሰር

ጀማሪ ሁሉ እዚህ ይወድቃል። አፍተር ኢፌክትስ ላይ ድምፁን ወደ ኪፍሬም፣ ማለትም በየቅጽበቱ ወደተመዘገበ ቁጥር፣ የሚቀይረውን ትእዛዝ ትጫናላችሁ፣ የወጣውን ቁጥር ከፓርቲክሉ መጠን ጋር ታያይዛላችሁ፣ አለቀ። ግን ዛሬ የሚወጡ ብዙ ዘፈኖች ማስተሪንግ ላይ፣ በመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ፣ ድምፃቸው በጣም ስለሚጨመቅ ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ያለው የጩኸት ልዩነት ትንሽ ነው። ስለዚህ ፓርቲክሉ ዘፈኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጨፍርም። ከበሮው የት እንደመታ፣ ማሲንቆው የት እንደገባ አይታይም።

ድምፁን በፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በቅጥነቱና በውፍረቱ፣ ከፋፍሉት። በግምት ከ150 ኸርዝ በታች ቤዙና የከበሮው ወፍራም ምት ነው። መካከሉ ላይ ዘፋኙ፣ ክራሩና ማሲንቆው አሉ። ከ4,000 ኸርዝ በላይ የሲምባሉና የጭብጨባው ሹል ድምፅ ይቀራል።

አከፋፈሉ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ድምፁን በፍሪኩዌንሲ የሚተነትነው ስሌት፣ ኤፍኤፍቲ፣ የሚሰጣችሁ ክፍልፋዮች ሁሉም እኩል ስፋት አላቸው። ድምፁ በሰከንድ 44,100 ናሙና ካለውና ኤፍኤፍቲው በአንዴ 2048 ናሙና የሚወስድ ከሆነ 1024 ክፍልፋይ ታገኛላችሁ፤ እያንዳንዱ 21.5 ኸርዝ ያህል ይሸፍናል። ይህን ሦስት እኩል ቦታ ብትከፍሉት የመጀመሪያው ሲሶ ብቻውን ከ7,000 ኸርዝ ያልፋል። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ዘፋኙ፣ ክራሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ ታጭቀዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ብዙም የሚነግሯችሁ የለም። ጆሯችን የሚሰማው በእጥፍ ነው፤ ከ100 ወደ 200 ያለው ርቀት ከ1,000 ወደ 2,000 ካለው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ታችኛውን በጠባቡ፣ ላይኛውን ሰፋ አድርጋችሁ ክፈሉ።

ዘፈን ሁሉ በአራት ይቆጠራል ብሎ ማሰብ

የሠርጉ ምሽት ችግር ዋናው ይሄ ነበር። ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው አብዛኞቹ ትምህርቶች የተሠሩት በሀውስና በቴክኖ ሙዚቃ ነው፤ እዚያ ላይ ኪክ ድራሙ፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ አራቱም ምት ላይ ይወርዳል። የእኛ ጭፈራ ግን ብዙው በችክችካ ነው፣ በ6/8። ስድስቱ ትንንሽ ምቶች አንዴ ሦስት ሦስት ሆነው፣ አንዴ ሁለት ሁለት ሆነው ይሰማሉ፤ ጆሮም ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛቸዋል። ለእኔ የሚያስጨፍረው እሱ ነው። እኔ ግን ፕሮጀክቱን በአራት ቆጥሬ፣ ፍጥነቱን በቁጥር ደንግጌ አስቀምጬው ነበር።

ቁጥር መደንገጉ ራሱን የቻለ ስህተት ነው። የሠርግ ዘፈን፣ በተለይ ባንድ ሲጫወተው፣ ወደ መጨረሻው ይፈጥናል። ከበሮ መቺው ሰው ሲሞቅለት እሱም ይሞቃል። እናንተ በመጀመሪያው ደቂቃ የለካችሁት ፍጥነት በአምስተኛው ደቂቃ አይሠራም።

ስለዚህ ምቱን ከድምፁ ላይ አድምጡት። ያለፈውን አንድ ሰከንድ የታችኛውን ድምፅ አማካይ ያዙ፤ በየ1024 ናሙናው ከለካችሁ 43 ያህል ልኬት ማለት ነው። የአሁኑ ልኬት ከአማካዩ ጎልቶ ከበለጠ ምት ነው። አንዱ ምት ሁለቴ እንዳይቆጠር ደግሞ ትንሽ የዝምታ ጊዜ ስጡት። እዚህ ላይ ተዘጋጅቶ የተለጠፈ ኮድ ስትቀዱ የዝምታውን ቁጥር እዩት። 250 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ለሀውስ ይበቃል፤ በፈጣን ችክችካ ግን በሁለት ትንንሽ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ከ160 ሚሊ ሰከንድ ሊያንስ ስለሚችል ምቶቹን ይውጣቸዋል። እኔ 120 አካባቢ ላይ ነው የማስቀምጠው።

ምንም ነገር ከመክፈታችሁ በፊት ግን ዘፈኑን አስከፍታችሁ ተነሱና አጨብጭቡ። እጃችሁ የት ላይ እንደሚወድቅ፣ ትከሻችሁ የት ላይ እንደሚሰበር ልብ በሉ። የምትፈልጉት ምት እሱ ነው።

ሁሉም ፓርቲክል እኩል፣ በአንዴ እንዲነሳ ማድረግ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ሲበለት ትልልቆቹን ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን፣ አይታችኋል? ሰውየው ቁራጭ ሲወረውር ሁሉም ባንድ ቅጽበት አይነሱም። ቅርብ ያለው ይቀድማል፣ ቀጣዩ ይከተላል፣ ዳር የቆመው ክንፉን ብቻ ገልጦ ይመለሳል። ከዚያ ቀስ ብለው ይረጋጋሉ። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ይህን ማየት ከየትኛውም ቪዲዮ በላይ አስተምሮኛል።

ፓርቲክሎቻችሁ ሁሉ ባንድ ፍሬም (በአንዱ የቪዲዮ ምስል)፣ በአንድ መጠን ከዘለሉ ተመልካቹ የሚያየው አንድ ፎቶ ሲቀርብና ሲርቅ ነው። ለእያንዳንዱ የራሱን ክብደት ስጡት። ከመሃል በራቀ ቁጥር ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይዘግይ። ደግሞ ሙዚቃው ፓርቲክሉን ከቦታ ወደ ቦታ አንስቶ አያስቀምጠው፤ ይግፋው። ድምፁን ከቦታው ጋር ስታያይዙት ይቆራረጣል። ከፍጥነቱ ጋር ስታያይዙትና ትንሽ የአየር ግጭት ስትጨምሩበት ግን ራሱ ይንሳፈፋል።

ሌላው ነገር ብዛት ነው። የኮምፒውተር ግራፊክስ ባለሙያው ዊልያም ሪቭስ በ1983 እ.ኤ.አ. የፓርቲክል ሲስተምን ባስተዋወቀበት ጽሑፍ አንድ ፓርቲክል ቦታ፣ ፍጥነት፣ መጠን፣ ቀለም፣ ብርሃን አሳላፊነት፣ ቅርፅና ዕድሜ እንዳለው ዘርዝሯል። ሰባቱንም ከሙዚቃው ጋር አታስሩ። ሁለት፣ ግፋ ቢል ሦስት። ከበሮው ይግፋ፣ ማሲንቆው ቀለሙን ይቀይር፣ የቀረው ዝም ይበል።

የሚወለዱትን ፓርቲክሎች ቁጥር ከምቱ ጋር የምታስሩ ከሆነ ደግሞ ዕድሜያቸውን እዩ። ሦስት ሰከንድ የሚኖር ፓርቲክል የአምስት ስድስት ምት ልጆችን አንድ ላይ ስክሪኑ ላይ ያቆያቸዋል። ምቱ በሕዝብ ብዛት ይጠፋል። ዕድሜውን አሳጥሩ።

ሲነሳም ሲወርድም እኩል ማለስለስ

ጥሬውን ቁጥር ብትጠቀሙ ይንቀጠቀጣል፣ ብዙ ብታለሰልሱት ይተኛል። ብራውዘር ላይ ድምፅ የሚተነትነው መሣሪያ ማለስለሻው ሳትነኩት 0.8 ላይ ነው፤ መነሳቱንም መውረዱንም እኩል ያዘገያል፣ የከበሮው ስለትም ይደነዝዛል። እሱን ዝቅ አድርጉና የራሳችሁን ጻፉ፦ ሲነሳ ፈጣን፣ ሲወርድ ቀርፋፋ። ለማሲንቆ ግን መነሳቱንም ለስለስ አድርጉት፤ ድምፁ እንደ ከበሮ አይፈነዳም።

ትንንሽ የሚመስሉ

ፍጥነቱን በፍሬም ከቆጠራችሁት በሰከንድ በ60 ፍሬም የሚሄደው ስክሪን ላይ ያማረው ሥራ በ120 የሚሄድ ስልክ ላይ እጥፍ ይሮጣል። በሰከንድ ቁጠሩ። ብራውዘር ላይ ተጠቃሚው አንዴ ሳይነካ ብዙ ጊዜ ድምፅ አይጀምርም፤ የማጫወቻ ቁልፍ አስቀምጡ። ብርሃን በብርሃን ላይ የሚደምረውን ማዋሃጃ ስትጠቀሙ ፓርቲክሎቹ የተደራረቡበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀለማችሁ ይጠፋል፤ የእያንዳንዱን ድምቀት ቀንሱ። መቶ ሺህ ጥቃቅን ነጥብ ቴሌግራም ላይ ስትለቁት መጭመቂያው ጭቃ ያደርገዋል፤ ጥቂትና ተለቅ ያሉ ይሻላሉ።

አንዱን ግን እባካችሁ እንደ ትንሽ አትዩት። ሙሉ ስክሪን በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም እንዳይል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አዳራሹ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ እንዲህ ያለ ብልጭታም ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ምቱን በብልጭታ ሳይሆን በእንቅስቃሴ አሳዩት።

በብሉቱዝ እያዳመጡ ማስተካከል

ብሉቱዝ ድምፁን ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ያዘገያል። በሰከንድ በ30 ፍሬም ሲሰላ እስከ ስድስት ፍሬም ነው። በብሉቱዝ ማዳመጫ እያያችሁ «ተገጣጠመ» ያላችሁት ሥራ አዳራሽ ውስጥ በሽቦ ሲገባ ይዛነፋል። ሁልጊዜ በሽቦ አስተካክሉ፣ ዝግጅቱ ቀን ደግሞ ሰው ሳይገባ ቀድማችሁ ሄዳችሁ በአዳራሹ ስፒከር ሞክሩት።

የተቀላቀለውን ዘፈን ብቻ ይዞ መታገል

ዘፈኑ የምታውቁት ሰው ሥራ ከሆነ፣ ከላይ የጻፍኩትን ግማሹን ልፋት አንድ የስልክ ጥሪ ያስቀርላችኋል። አቀናባሪውን «የከበሮውንና የማሲንቆውን ትራክ ለየብቻ አውጥተህ ላክልኝ» በሉት። እኔ ከጠየቅኳቸው ብዙዎቹ ደስ እያላቸው ነው የላኩልኝ፤ ሥራቸው እንዲህ ተተንትኖ ሲታይ ይወዳሉ። የፋይሉ ዓይነት ዌቭ ይሁን፤ ኤምፒስሪ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ባዶ ይጨምራል። ሁሉም ትራክ ደግሞ ከዘፈኑ ዜሮ ሰከንድ ይጀምር። ከበሮው 12ኛው ሰከንድ ላይ ቢገባ እንኳ ከዜሮ እስከ 12 ያለው ባዶ ሆኖ ይውጣ፣ አለዚያ የት እንደሚገጥም ስትፈልጉ ታድራላችሁ።