የአሻንጉሊት ኮሜዲና ወጣ ያሉ ሙዚቀኞች፦ በአነስተኛ በጀት ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካልሲ፣ ስፖንጅ፣ ሁለት አዝራርና አንድ ካሜራ ካለዎት የአሻንጉሊት ኮሜዲ መጀመር ይችላሉ። ወጣ ያለ ባህርይ ያለው ሙዚቀኛ ሲጨመርበት ደግሞ ፕሮግራሙ ወይ ይደምቃል፣ ወይ ጭራሽ ይበላሻል። የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ በገንዘብ እጦት አይደለም። ሠሪዎቹ ራሳቸው የፈጠሩትን ዓለም ሳያምኑበት ሲቀሩ ነው።

የገንዘብ እጥረቱን ቀልድ ማድረግ

የአሻንጉሊቱ እጅ ሲወልቅ አቅራቢው ወደ ካሜራ ዞሮ «ያው በጀት የለንም» ይላል። አንዴ ያስቃል። ሲደጋገም ግን ተመልካቹ ረስቶት የነበረውን ካልሲ እያስታወሱት ነው። አሜሪካዊው የአሻንጉሊት ባለሙያ ጂም ሄንሰን እ.ኤ.አ. በ1955 ታዋቂውን አሻንጉሊቱን ከርሚትን የሠራው ከእናቱ አሮጌ ካፖርትና ለሁለት ከተከፈለ የፒንግ ፖንግ ኳስ ነበር (ያኔ ገና እንቁራሪት እንኳ አልተባለም)። በዋሽንግተን በአንድ ጣቢያ ይተላለፍ የነበረው ፕሮግራምም አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር። ከርሚትን አይቶ ካፖርት የሚታሰበው የለም።

እጥረቱን ወደ ቅርጽ መቀየር ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ የተጀመረው «ሚስትሪ ሳይንስ ቲያትር 3000» የተባለ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ላይ አንድ ሰውና ከተገኘ ዕቃ የተገጣጠሙ ሮቦቶች ቁጭ ብለው መጥፎ ፊልም እያዩ ያፌዛሉ። ተመልካቹ የሚያየው በስክሪኑ ግርጌ ጥላቸውንና የወንበሮቹን ጥላ ነው። ወንበሮቹ ሮቦቶቹን በእጅ የሚያንቀሳቅሱትን ሰዎች ይደብቃሉ፤ ውድ የመድረክ ግንባታም አላስፈለገም። ሮቦቶቹ ከምን እንደተሠሩ ግን ለማንም ይቅርታ አይጠይቁም።

መጋረጃ ያለው ሣጥን መሥራት

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው ትንሽ መድረክ ነው። ለቴሌቪዥን አያስፈልግም። የምስሉ ጠርዝ ራሱ መድረክ ነው፤ እርስዎ ከካሜራው እይታ በታች ሆነው እጅዎን ሽቅብ ይይዛሉ፣ የሚሠሩትንም በሞኒተር ያያሉ። እዚህ ላይ የሚያደናግረው ሞኒተሩ መስታወት አለመሆኑ ነው፤ እጅዎን ወደ ቀኝ ሲወስዱ አሻንጉሊቱ በምስሉ ላይ ወደ ግራ ይሄዳል። በመስታወት ፊት ብቻ የተለማመደ ሰው ቀረጻ ላይ አሻንጉሊቱን ከሚያነጋግረው ሰው ያሸሸዋል።

አፉን ወደ ላይ መክፈት

ይህ በጣም የተለመደው ነው፤ በተለይ በዘፈን ጊዜ ያጋልጣል። አራቱ ጣቶች ሲነሱ የአሻንጉሊቱ ጭንቅላት ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ዓይኑም ጣሪያ ያያል። ሰው ሲናገር የሚወርደው የታችኛው መንጋጋ ነው። ስለዚህ ጣቶቹ ባሉበት ይርጉ፣ አውራ ጣት ይውረድ። ሁለተኛው ችግር አፉን ቃሉ ሲወጣ መዝጋት ነው፤ አሻንጉሊቱ የሚናገር ሳይሆን ዝንብ የሚያጠምድ ይመስላል። ድምፁ ሲወጣ ይከፈት፣ ሲያልቅ ይዘጋ። ፈጣን ዘፈን ላይ እያንዳንዱን ፊደል ለመከተል አይሞክሩ፤ ጠበቅ ያሉትን ይምረጡ፣ ሌላውን በጭንቅላት ንቅናቄ ያሳልፉ። ረጅም የተያዘ ድምፅ ላይ ግን አፉ እስከ መጨረሻው ክፍት ይቆይ፤ ትንሽ ካንቀጠቀጡት ደግሞ ሳቁ ከዚያ ይመጣል።

እጅ ሲደክም አሻንጉሊቱ ቀስ በቀስ ይሰምጣል። አጭር አጭር አድርገው ይቅረጹ። የዓይኑን ብሌኖችም በትንሹ ወደ አፍንጫው ያስጠጉ፤ መሃል ላይ ከሆኑ የትም የማያይ ፍጡር ይሆናል።

ሙዚቀኛውን መሳለቂያ ማድረግ

ኡኩሌሌ (ትንሽ ባለአራት ክር ጊታር) ይዞ በቀጭን ድምፅ የሚዘፍን ሰው ሲጋብዙ፣ አሻንጉሊቶቹ እየተጠቃቀሱ እንዲስቁበት ማድረግ ቀላል ነው። ርካሽም ነው። እንዲህ ይዘፍን የነበረው አሜሪካዊው ታይኒ ቲም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲታወቅ ብዙዎች እንደ መዝናኛ ጉድ አዩት፤ እሱ ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ዘፈኖችን ጠንቅቆ ያወቀ፣ የሚዘፍነውንም ከልቡ የወደደ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን እንግዳ የሚያስቅ የሚያደርገው ያ ፍጹም ቁም ነገረኛነቱ ነው። ስለዚህ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ይዝፈን፤ ግርግሩ በዙሪያው ይሁን። አሻንጉሊቶቹ ስልቱን ሊሳሳቱ፣ ከበሮው ላይ ሊወድቁ፣ በተራ ሊጣሉ ይችላሉ። እሱ አይበገርም። ከእ.ኤ.አ. 1976 እስከ 1981 የተላለፈው የሄንሰን የአሻንጉሊት ፕሮግራም «ዘ ማፔት ሾው» በ120 ክፍሎቹ በየሳምንቱ እንግዳ ሲጋብዝ በአብዛኛው የሚያፍሩት እንግዳው ሳይሆን ጋባዦቹ አሻንጉሊቶች ነበሩ።

እንግዳው በበኩሉ አንቀሳቃሹን ሳይሆን አሻንጉሊቱን ማየት አለበት። ከቀረጻ በፊት አሻንጉሊቱ ራሱ ሄዶ ይተዋወቀው፤ ስለ ጉዞው ይጠይቀው። «ኩክላ፣ ፍራንና ኦሊ» በተባለው የቀድሞ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ፍራን አሊሰን፣ በር ቲልስትሮም የተባለ ሰው ከሚያንቀሳቅሳቸው አሻንጉሊቶች ጋር በአብዛኛው አስቀድሞ የተጻፈ ንግግር ሳይኖር ታወራ ነበር፤ ያ የሆነው በእውነት ስለምታዳምጣቸው ነው።

ለድምፅ አለመጨነቅ

የደበዘዘ ምስል ይታለፋል፤ ከሩቅ የሚያስተጋባ ድምፅ አይታለፍም። ማይኩ ካሜራው ላይ ሳይሆን አንቀሳቃሹ ራስ ላይ ይታሰር። ዘፈኑን አስቀድመው ይቅረጹ፣ ንግግሩን በቀጥታ።

መውጫ ማጣት

ቀልዱ አልቆ አሻንጉሊቶቹ እየተያዩ ይቀራሉ፤ ከዚያ ሙዚቃ ይገባል። ሄንሰን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለዚህ ሁለት መድኃኒት ነበረው፦ ወይ አንድ ነገር ይፈነዳል፣ ወይ አንዱ አሻንጉሊት ሌላውን ይውጠዋል። ከእ.ኤ.አ. 1957 ጀምሮ ለዊልኪንስ ቡና በሠራቸው አሥር ሴኮንድ ማስታወቂያዎች ለቀልዱ የተረፈው ስምንት ሴኮንድ ያህል ነበር፤ በዚያች ውስጥ ቡናውን አልጠጣም ያለው አሻንጉሊት በመድፍ ሳይቀር ይመታል። የእርስዎ ትዕይንት አራት ደቂቃ ከፈጀ፣ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ማን ማንን እንደሚውጥ ይወስኑ።