ቁም ሣጥን ከመቁረጥ በፊት በኮምፒውተር መንደፍ

በጎንደር አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ውስጥ የግድግዳውን ቀጥታ ማመን ስለማይቻል፣ ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት ቁም ሣጥኑ የሚቆምበት ቦታ ወርዱ ከወለሉ አጠገብ፣ ከመሃልና ከጣሪያው ሥር ተለክቶ ከሦስቱ ትንሹ ልክ ይያዛል። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ መሆኑን ለመፈተን ደግሞ ከማዕዘኑ ጀምሮ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት ይደረግና በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት በትክክል 1 ሜትር መሆኑ ይታያል።

ከመንደፊያ ፕሮግራሞች ለጀማሪ ስኬችአፕ ይቀላል፤ ሆኖም ነፃው ዓይነት የሚሠራው በኢንተርኔት ስለሆነ መስመር ሲቋረጥ ሥራውም ይቆማል። ፍሪካድ የተባለው ሌላው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝና አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ በመሆኑ፣ ለመልመድ ጊዜ ቢወስድም እኔ የምመርጠው እርሱን ነው። በሁለቱም መለኪያው አስቀድሞ ወደ ሚሊ ሜትር ይቀየራል።

ዋናው ነገር እያንዳንዱን ሳንቃ ከነውፍረቱ ለብቻው መሣል ነው። የውጭ ወርዱ 900 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁም ሣጥን ጎኖቹ 18 ሚሊ ሜትር ከሆኑ መደርደሪያው 864 ይሆናል፤ እንጨቱ ሲለካ 17 ሆኖ ከተገኘ ግን 866 መሆን አለበት። እኔ 18 ተብሎ የተሸጠልኝን ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሳንቃ) ሳልለካ በመሣሌ መደርደሪያዎቹን በሙሉ እንደገና መቁረጥ ግድ ሆኖብኛል። ስለዚህ በፍሪካድ ሠንጠረዥ ውስጥ ውፍረቱን በአንድ ቦታ ጽፎ ሌሎቹን ልኮች ከእርሱ ጋር ማያያዝ ይገባል፤ ያን ጊዜ አንዱ ቁጥር ሲታረም ሁሉም አብረው ይታረማሉ።

መጋዙም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ከ2440 ሚሊ ሜትር ሳንቃ 406 የሆኑ ስድስት ቁራጮች በወረቀት ላይ ይወጣሉ፤ ነገር ግን መጋዙ በአንድ ቁርጥ 3 ሚሊ ሜትር ቢበላ አምስቱ ቁርጦች 15 ስለሚወስዱ የመጨረሻው ቁራጭ 11 ሚሊ ሜትር ያጥረዋል። ሳንቃ ከመገዛቱ በፊት የአቆራረጡ ሥዕል ይህን ክፍተት ጨምሮ መዘጋጀት አለበት።

ቁም ሣጥኑ መሬት ላይ ተገጣጥሞ የሚነሣ ከሆነ በጎኑ ሥዕል ላይ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይለካ። ቁመቱ 2400፣ ጥልቀቱ 600 የሆነ ቁም ሣጥን ይህ ልክ ወደ 2474 ስለሚደርስ 2450 ከፍታ ባለው ክፍል ውስጥ ቀና አይልም። መፍትሔው 100 ሚሊ ሜትር የሆነውን መቀመጫ ለይቶ መሥራትና ሣጥኑን ካቆሙ በኋላ በላዩ ማስቀመጥ ነው።

ፕሮግራሙ የማያውቀው የእንጨቱን ጠባይ ነው። ዋንዛ በክረምቱ እርጥበት በወርዱ ያብጣል፣ በበጋም ይሰበሰባል፤ ስለዚህ የበሩ ገበታ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር መላወሻ ተትቶለት ይሣላል፣ ሲገጠምም ሙጫ አይቀባም።

በመጨረሻ የቁራጮቹ ዝርዝር ታትሞ የእያንዳንዱ ቁጥር፣ መጋዙ እንደወጣ ወዲያው፣ በእርሳስ በእንጨቱ ላይ ይጻፋል።