ጋቢ በቴሌግራም ስትሸጡ ቫቱን እንዴት እንደምትይዙ

ደብረ ማርቆስ ሆኜ ጋቢና ነጠላ በቴሌግራም እሸጣለሁ። አብዛኛው ደንበኛዬ አዲስ አበባ ነው። ዕቃው በአውቶቡስ ይሄዳል፣ ብሩ በቴሌብር ይመጣል። ሱቅ ስለሌለኝ ግብሩ የማይመለከተኝ ይመስለኝ ነበር። ይመለከተኛል።

ቲን ቁጥር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) እና ንግድ ፈቃድ አውጡ። ቀጥሎ የዓመት ሽያጫችሁን ደምራችሁ ለቫት (ከደንበኛው ተቀብላችሁ ለመንግሥት ለምታስገቡት የተጨማሪ እሴት ታክስ) መመዝገብ ይገባችሁ እንደሆነ የከተማችሁን ገቢዎች ጠይቁ። ሳትመዘገቡ ግን ከደንበኛ ላይ ቫት እንዳትቀበሉ፤ አይፈቀድም።

ከተመዘገባችሁ በኋላ ከባዱ ነገር ዋጋው ነው። እኔም የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው። ጋቢውን 2,300 ብር እሸጥ ነበር። ስመዘገብ ዋጋውን አልነካሁትም። በመጀመሪያው ወር 40 ጋቢ ሸጬ 92,000 ብር ገባ፤ ሁሉም የኔ መሰለኝ። ለሸማኔውም፣ ለፈታዮቹም ከፈልኩ፣ ለቤትም አወጣሁ። ወሩ ሲዘጋ ከዚያ ውስጥ 12,000ው ቫት ነበር። ተበድሬ ከፈልኩ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ቫት 15 በመቶ ነው፣ ግን የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። 2,000 ብር ለእናንተ እንዲቀር ከፈለጋችሁ 300 ጨምራችሁ 2,300 በሉ። 2,300 ቫቱን የያዘ ዋጋ ከሆነ ደግሞ በ15 አባዙትና ለ115 አካፍሉት፤ 300 ይወጣል። ብዙ ሰው 2,300ን በቀጥታ በ15 በመቶ ያባዛና 345 ያገኛል። በአንድ ጋቢ 45 ብር ያለ ዕዳው ይከፍላል ማለት ነው። ቻናሉ ላይም "ቫትን ጨምሮ" ብላችሁ ጻፉ። "ዋጋ በኢንቦክስ" የሚለውን ነገር አልወደውም፤ ደንበኛው መጨረሻ ላይ ቫት ሲጨመርበት የተታለለ ይመስለዋል።

አሁን ጋቢ በተሸጠ ቁጥር 300ዋን በዚያው ቀን ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ አዛውራለሁ። ኤክሴል ጥሩ ነው፣ ግን የግድ አይደለም። የተሰመረ ደብተር ይበቃል።

ሌላው የግዢ ደረሰኝ ነው። ለምርት በገዛችሁት ዕቃ ላይ የከፈላችሁት ቫት ከምትከፍሉት ላይ ይቀነሳል። ድሩን የፋብሪካ ክር አድርጌ በ11,500 ብር በቫት ደረሰኝ ብገዛ 1,500ው ይቀነስልኛል፤ በዚያ ወር ቢሆን 12,000ው ወደ 10,500 ይወርድ ነበር። ማጉን የሚፈትሉልኝ እናቶች የቫት ደረሰኝ የላቸውም፣ ስለዚህ ከዚያ የሚቀነስ የለም። ዋጋ ስታወጡ ይሄን አስቡበት። ደረሰኙ ላይ ስማችሁና ቲን ቁጥራችሁ በትክክል መጻፉን ከሱቁ ሳትወጡ እዩት። የካሽ ሬጂስተር ወረቀት ደግሞ ቶሎ ይደበዝዛል። በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ዋናውን ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡ።

ለደንበኛውም ደረሰኝ ቁረጡ። የቴሌብር መልእክት ብር መግባቱን ያሳያል እንጂ ደረሰኝ አይሆንም። እኔ ደረሰኙን ጋቢው ውስጥ አጥፌ እልከዋለሁ።

ወር በመጣ ቁጥር ያለፈውን ወር ሽያጭና ግዢ አሳውቁ። በክረምት ገበያው ሲቀዘቅዝ አንድም ጋቢ ባትሸጡ እንኳ ዜሮ ብላችሁ አሳውቁ። ዝም ካላችሁ ቅጣት ይመጣል።