የስሎውዳይቭን የጊታር ድምፅ ቤት ውስጥ እንዴት መሥራት ይቻላል?

ሹጌዝ በሚባለው የሮክ ዘርፍ ተማርኮ እንደ ስሎውዳይቭ ለመጫወት የሚነሳ ጊታሪስት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ፔዳል (የጊታሩን ድምፅ የሚለውጥ፣ በእግር የሚረገጥ ሳጥን) መግዛት ነው። ገንዘቡ ይወጣል፣ ድምፁ ግን አይመጣም። የዚህ ባንድ ድምፅ ግማሹ ያለው በጣትና በኮርድ ምርጫ ላይ ነው፤ የቀረው ደግሞ ኢፌክቶቹ (የድምፅ መለወጫዎቹ) በሚደረደሩበት ቅደም ተከተል። የዕቃው ዋጋ ከሁለቱም በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው።

ባንዱን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ፦ ስሎውዳይቭ በ1989 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዟ ሬዲንግ ከተማ ተመሠረተ። ኒል ሃልስቴድና ሬቸል ጎስዌል ይዘፍናሉ፣ ጊታርም ይጫወታሉ። ክርስቲያን ሳቪል ሦስተኛው ጊታሪስት ነው፤ ቤዙ የኒክ ቻፕሊን፣ ድራሙ የሳይመን ስኮት። ክሪኤሽን ሬከርድስ ከተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ጋር ሦስት አልበም ሠርተው በ1995 ተበተኑ፣ በ2014 ተመልሰው መድረክ ላይ ወጡ፣ ከዚያም ሁለት አልበም ጨመሩ። ሦስት ጊታር ያለው ባንድ መሆኑን አይርሱ፤ በአንድ ጊታር ያንን ሁሉ ለማውጣት መታገል የመጀመሪያው ስህተት ነው። ቤት ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ሰው ሦስቱንም በየተራ ይቀዳል።

ከመጫወት በፊት መስማት

በስልክ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን በጥሩ ጆሮ ማዳመጫ «ሱቭላኪ» ከተባለው የ1993 አልበም ሦስት ዘፈን ይስሙ። «ዌን ዘ ሰን ሂትስ» ላይ ጊታሮቹ በስንኙ ጊዜ ዝቅ ብለው፣ አዝማቹ ሲመጣ እንዴት እንደሚከፈቱ ያስተውሉ። «ሱቭላኪ ስፔስ ስቴሽን» ላይ ቤዙ ዘፈኑን ተሸክሞ ጊታሩ በዲሌይ (ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ በሚደጋግም ኢፌክት) ሲመላለስ ይሰማል፤ የደብ ሙዚቃ (በማስተጋባት የተሞላ የሬጌ ዓይነት) ተፅዕኖ ግልጽ ነው። «ዳገር» ደግሞ ከጥቂት ጊታርና ድምፅ በቀር ምንም የለበትም ማለት ይቻላል። ይህ ሦስተኛው ብዙ ያስተምራል፦ ከኢፌክቱ በታች የቆመ ዜማ ከሌለ ኢፌክቱ አያድነውም።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ማንኛውም ኤሌክትሪክ ጊታር ይበቃል። ከዚያ ሌላ በዩኤስቢ የሚሠራ ባለ ሁለት መግቢያ የድምፅ ካርድ፣ አንድ ማይክ፣ ጆሮ ማዳመጫና እንደ ሪፐር ወይም ጋራጅባንድ ያለ የመቅጃ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ኢፌክቶቹ ስድስት ናቸው፦ ኮምፕረሰር (ጎልቶና ዝቅ ብሎ የሚወጣውን ድምፅ የሚያቀራርብ)፣ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር)፣ ኢኳላይዘር (ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ለይቶ የሚቀንስ ወይም የሚጨምር)፣ ኮረስ (ድምፁን እያወዛወዘ የሚያበዛ)፣ ዲሌይና ሪቨርብ (እንደ ትልቅ አዳራሽ የሚያስተጋባ)። በፔዳል ቢሆኑም በኮምፒውተር ፕለጊን ቢሆኑም ልዩነቱ ጀማሪ እንደሚያስበው አይሰፋም። ሃልስቴድ ራሱ በ«ሱቭላኪ» ዘመን ይጠቀምበት የነበረው ያማሃ ኤፍኤክስ 500 ርካሽና ትንሽ ዲጂታል ሳጥን ነበር። በውስጡ ያለው «ሶፍት ፎከስ» የተባለ ዝግጁ ቅንብር ዛሬም ከባንዱ ስም ጋር አብሮ ይነሳል፤ በዚያው ስም የሚሸጥ ዘመናዊ ፔዳልም አለ። ሳጥኑን ፍለጋ ገበያ ለገበያ መንከራተት ግን አያስፈልግም።

ፔዳል ለሚጠቀም አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አብዛኞቹ በ9 ቮልት፣ መሐሉ ኔጋቲቭ በሆነ አዳፕተር ይሠራሉ። ከመሰካትዎ በፊት በአዳፕተሩና በፔዳሉ ላይ ያለውን ምልክት ያመሳክሩ፤ ከተገለባበጠ ፔዳሉ ሊቃጠል ይችላል። ዲጂታል ሪቨርብና ዲስቶርሽን በአንድ አዳፕተር ተቀጥለው ሲሠሩ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ከተሰማ ችግሩ ኬብል አይደለም፤ ዲጂታሉን በራሱ አዳፕተር ይለዩት።

ኮርዱ

ሥራው እዚህ ላይ ነው። ዘዴው ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች ሳይነኩ ክፍት ትቶ፣ የቀሩትን አራት ክሮች አንገቱ ላይ እያንሸራተቱ ኮርድ መቀየር ነው። ክፍት የሚቀሩት ሁለቱ ክሮች ከኮርድ ወደ ኮርድ ሳይቋረጡ ይጮኻሉ፤ ሪቨርቡ የሚይዘውም እነሱን ነው። የሚከተሉት ለልምምድ የሚሆኑ እንጂ ከየትኛውም ዘፈን የተገለበጡ አይደሉም። ቁጥሮቹ ፍሬቶች (አንገቱ ላይ በብረት የተከፈሉት ቦታዎች) ናቸው፣ 0 ክፍት ክር ነው፣ ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ይነበባሉ፦

0-2-2-1-0-0
5-7-7-6-0-0
7-9-9-8-0-0
9-11-11-9-0-0

የመጨረሻውን ልብ ይበሉ። እጅዎ የለመደውን ቅርፅ እንዳለ ይዞ ወደ 9ኛው ፍሬት ከሄደ ሦስተኛው ክር 10ኛ ፍሬት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ የሚወጣው ድምፅ ከክፍቱ ቀጭን ክር ጋር በግማሽ ቶን ይጋጫል። ደረቅ (ኢፌክት የሌለበት) ጊታር ላይ ይህ ግጭት ቶሎ ያልፋል፤ አምስት ሰከንድ በሚቆይ ሪቨርብ ውስጥ ግን እንደ ጥርስ ሕመም ይቆያል። ስለዚህ የመሐል ጣትዎን አንስተው ሌባ ጣትዎ ሦስተኛውን ክር 9ኛው ላይ እንዲይዝ ያድርጉ።

ቅኝቱም ከሌላ ሙዚቃ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሪቨርብ ያለፈውን ኮርድ ይዞ ስለሚቆይ አዲሱ ኮርድ የሚመዘነው ከእሱ ጋር ነው፤ ትንሽ የተዛባች ክር ሁሉንም ታወዛውዛለች። ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት ይቃኙ። እንዲሁም ክፍቱን ክርና የዚያኑ ክር 12ኛ ፍሬት በመቃኛ ያወዳድሩ። 12ኛው ከፍ ካለ የድልድዩን ኮርቻ (ክሩ የሚያርፍበትን ትንሽ ቁራጭ) ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ማስጠጋት ነው። ይህን ያልተስተካከለ ጊታር በ9ኛው ፍሬት አካባቢ መቼም አይስማማም።

አመታቱ የላላ ይሁን። ፒኩን (ክሩ የሚመታበትን ትንሽ ቁራጭ) ጥብቅ አድርጎ መምታት የኮርዱን መነሻ ያጎላዋል፤ ሪቨርቡም ያንን «ጠቅ» የሚል ድምፅ ያባዛዋል። ቀጭን ፒክ ይያዙና ከድልድዩ ራቅ ብለው፣ አንገቱ አጠገብ ይምቱ።

የኢፌክቶቹ ቅደም ተከተል

ጊታር፣ ኮምፕረሰር፣ ዲስቶርሽን፣ ኢኳላይዘር፣ ኮረስ፣ ዲሌይ፣ ሪቨርብ። በዚሁ መሥመር ይጀምሩ።

ሪቨርብ ከዲስቶርሽን በፊት ከገባ ዲስቶርሽኑ ኮርዱንም፣ እየሞተ ያለውን የኮርዱን ጅራትም አንድ ላይ ጨፍልቆ እኩል ያጮኻቸዋል። ማይ ብለዲ ቫለንታይን የተባለውን ሌላ የሹጌዝ ባንድ ለሚወድ ሰው ይህ ጥሩ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ስሎውዳይቭ ላይ ግን ጅራቱ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው፣ ስለዚህ ሪቨርቡ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ።

መነሻ የሚሆኑ ልኮች፦ ኮምፕረሰሩ 3 ለ 1 ሆኖ ጥቂት ዴሲቤል ብቻ ይቀንስ። ዲስቶርሽኑን ደስ በሚልዎት ልክ ካስተካከሉ በኋላ ሲሶውን ይቀንሱ፤ ሦስት አራት ጊታር ሲደራረብ የጎደለው ይሞላል። ኢኳላይዘሩ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጥ። ኮረሱ ዝግ ያለ፣ በሰከንድ ግማሽ ዙር ገደማ ይሁን፤ ከዚያ ሲፈጥን ድምፁ እንደ ሰከረ ይወላገዳል።

ዲሌዩን በግምት አይተዉት። 60,000ን በዘፈኑ ፍጥነት ሲያካፍሉ የአንድ ምት ርዝመት በሚሊሰከንድ ይገኛል። በደቂቃ 90 ምት ለሚሄድ ዘፈን 667 ነው። ያንን በ0.75 ሲያባዙ 500 ሚሊሰከንድ ይመጣል፤ ድግግሞሹ በምቶቹ መካከል ስለሚወድቅ ጊታሩ ሳይጣደፍ ይንቀሳቀሳል። ድግግሞሹ 35 በመቶ፣ መጠኑ 25 በመቶ ይበቃል።

ሪቨርቡ በራሱ ትራክ ላይ ሆኖ ጊታሮቹ ወደ እሱ ቢላኩ ይሻላል፤ ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። ርዝመቱ 5 ሰከንድ፣ ከመነሻው በፊት የሚቆየው ዝምታ 30 ሚሊሰከንድ ይሁን። ከዚያ ሪቨርቡን ራሱን ከ250 ኸርዝ በታችና ከ6,000 ኸርዝ በላይ ይቁረጡት። ይህን ቁርጥ መዝለል ነው የቤት ቅጂዎችን ሁሉ ድፍርስ የሚያደርጋቸው፦ የታችኛው ድምፅ ከቤዙ ጋር ይጋፋል፣ የላይኛው ደግሞ ከሲምባሉ ጋር እየተሻሸ ያፏጫል።

5 ሰከንድ የሚሠራው ኮርዱ ለአራት ምት ሲቆይ ነው። ዘፈኑ በየሁለት ምቱ ኮርድ ከቀየረ ወደ 3 ሰከንድ ያውርዱት፤ አለዚያ ሦስት ኮርድ በአንድ ጊዜ ይሰማል።

ጊታሮቹን መደራረብ

ሲቀዱ የድምፁ ከፍታ ከዜሮ በታች 10 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ። መጀመሪያ ያለ ዲስቶርሽን ከላይ ያሉትን ኮርዶች ይጫወቱና ሙሉ ለሙሉ ወደ ግራ ይውሰዱት። ከዚያ ያንኑ እንደገና ተጫውተው ወደ ቀኝ። ቅጂውን ገልብጦ በሌላው ጎን መለጠፍ አይሠራም፤ አንድ ዓይነት ድምፅ በሁለቱም ጆሮ ሲመጣ መሐል ላይ ያለ አንድ ጊታር ብቻ ይሆናል። ስፋቱን የሚሰጠው በሁለቱ አጨዋወት መካከል ያለችው ትንሿ መዛነፍ ናት።

ዲስቶርሽን ያለባቸው ሁለቱ ጊታሮች ለአዝማቹ ብቻ ይግቡ፣ እነሱም በሦስቱ ወፍራም ክሮች ብቻ፣ ለምሳሌ 5-7-7። ስድስቱንም ክር በዲስቶርሽን መምታት ኖታዎቹ እርስ በርስ ተፋጭተው እንዲጉረመረሙ ያደርጋል፤ ያ ጉርምርምታ ነው ብዙ ሰው «ሪቨርብ በዛ» ብሎ የሚሳሳተው።

የመጨረሻው ጊታር መሐል ላይ ሆኖ ነጠላ ኖታ ይጫወት። የጊታሩን ድምፅ መቆጣጠሪያ ይዝጉ፣ ክሩን ይምቱ፣ ከዚያ በትንሿ ጣትዎ ቀስ ብለው ይክፈቱት። መነሻው ስለማይሰማ ኖታው ከሩቅ የመጣ ኪቦርድ ይመስላል።

ቤዙ ደረቅ ይሁን፤ ሪቨርብ አይላክለት። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ አድማጩ ኮርዱ መቀየሩን የሚያውቀው ከቤዙ ነው።

ድምፅ

የሃልስቴድና የጎስዌል ድምፆች አብረው ሲሄዱ ማንም ማንን አይበልጥም። ማይኩ ጋ ቀረብ ብለው፣ በንግግር ልክ እንጂ ሳይጮኹ ይዝፈኑ። እያንዳንዱን መሥመር ሁለት ጊዜ ይቅዱ። ከተለመደው ፖፕ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉት እንጂ አይቅበሩት። ግጥሙ አይሰማም የሚለው ወሬ ከእውነቱ ይበልጣል፤ «አሊሰን» ላይ ቃላቱ ደህና አድርገው ይሰማሉ።

በየአልበሙ የሚለወጠው

«ጀስት ፎር ኤ ዴይ» (1991፣ ፕሮዲውሰሩ ክሪስ ሃፈርድ) በሪቨርብ እጅግ የበዛው ነው። እሱን ለመምሰል የድራሙንም ትራክ ወደ ትልቁ ሪቨርብ ይላኩና ፍጥነቱን ይቀንሱ። «ሱቭላኪ» ከላይ የተገለጸው አሠራር ነው፤ በኪቦርድና በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚታወቀው ብራያን ኢኖ «ሲንግ» እና «ሂር ሺ ከምስ» ላይ ተሳትፏል፣ ስለዚህ ለእነዚህ ሁለቱ ኪቦርድ መጨመር አግባብ ነው።

«ፒግማሊዮን» (1995) ሌላ ዓለም ነው፤ በእኛ ግምት ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው። በግራና በቀኝ የተደራረበውን የጊታር ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ያንሱት። ሁለት ወይም ሦስት ኖታ ያላት የጊታር ሐረግ ቀድተው በመደጋገሚያ ያዙሯት፣ በየአራት ዙሩ አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ። አሥር ደቂቃ ገደማ የሚሄደው «ሩቲ» የቆመው በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ላይ ነው። አልበሙ በወጣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ክሪኤሽን ባንዱን አሰናበተ፤ ያኔ የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጦች ፊታቸውን ብሪትፖፕ ወደተባለው የእንግሊዝ የጊታር ፖፕ ካዞሩ ቆይተው ነበር።

በባንዱ ስም የተሰየመው የ2017ቱ አልበም ላይ ድራሙ ደረቅና ቅርብ ነው፤ «ስታር ሮቪንግ» ን ለመከተል ዲስቶርሽኑን ከመጀመሪያው ምት ያስገቡ። በ2023 የወጣው «ኤቭሪቲንግ ኢዝ አላይቭ» ሃልስቴድ በሞጁላር ሲንተሳይዘር (ከተናጠል ክፍሎች በሚገጣጠም የኤሌክትሮኒክ ድምፅ መሣሪያ) ከሠራቸው ንድፎች የተነሳ በመሆኑ ቀድሞ የሚቀዳው ሲንቱ ነው፤ ጊታሩ በላዩ ይመጣል።

ሚክሱን ከመዝጋትዎ በፊት

ሙሉውን ወደ ሞኖ (ግራና ቀኝ ያልተለየበት አንድ ድምፅ) ቀይረው ይስሙት። ጊታሮቹ ድንገት ከሳሱ ኮረሱ ግራና ቀኙን እርስ በርስ እያጠፋፋ ነው፤ ኮረሱን ከአንደኛው ጎን ያንሱ። ሪቨርቡን ደግሞ ለአንድ ደቂቃ ያጥፉት፦ ዘፈኑ ያለ እሱ መከተል ካቃተ ወደ ኮርዱ ይመለሱ። መጨረሻ ላይ ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ ከፍታ እንዳያልፍ የሚገታ) ሲያስገቡ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ብቻ ይጫን። ከዚያ በላይ ሲጫን ጸጥ ያለው ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሪቨርቡ ጅራት ከድምፃዊው ጋር እኩል ይሆናል፣ ስንኙና አዝማቹም መለያየታቸው ይቀራል።