ቤት ውስጥ "እንትን" ከበዛ ልብ በሉ

ትልልቅ ሰው ያላችሁ አንዴ ስሙኝማ። ዲሜንሺያ (የማስታወስና የማሰብ አቅም እየደከመ የሚሄድበት ህመም) ሁሌ በመርሳት ብቻ አይደለም የሚጀምረው፣ አንዳንዴ ንግግር ላይ ቀድሞ ይታያል። ስም መርሳትማ ሁላችንም ጋ አለ፣ ቆይቶ ትዝ ካላቸው ብዙ አያስጨንቅም። ዋናው ለውጡ ነው፤ ለምሳሌ እድሜ ልካቸውን ቡና ያፈሉ እናት "ረከቦቱን አምጪ" ማለት ትተው "ያንን እንትን፣ ሲኒ የሚደረደርበትን" ማለት ካበዙ፣ የጀመሩት ወሬ መሀል ላይ ከጠፋባቸው፣ ወይ ያንኑ ጥያቄ ከአቦል እስከ በረካ ሶስቴ ከጠየቁ።

የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሬገን አልዛይመር (ዋናው የዲሜንሺያ ዓይነት) እንዳለባቸው የተናገሩት በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፣ ግን የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድሮ ጋዜጣዊ መግለጫዎቻቸውን ሲያዩ ገና ስልጣን ላይ እያሉ የቃላቸው ዓይነት እየቀነሰ "ነገር" የሚሉት እየበዛ ሄዶ አገኙት። የኛ "እንትን" መሆኑ ነው እንግዲህ።

ስለዚህ አስፈቅዳችሁ ቡና ላይ የሚያወሩትን አምስት ደቂቃ በስልክ ቅዱ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግማችሁ አወዳድሩ፤ ሀኪም ጋ ስትሄዱ "ይረሳሉ" ብሎ ከመናገር ይሄ በጣም ይሻላል። በራሳችሁ ግን እንዳትደመድሙ፣ የጆሮ መድከም፣ ድብርት፣ የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል እነሱ ደሞ ይታከማሉ። ውጭ ያላችሁ ምርመራው በአማርኛ ወይ በአስተርጓሚ እንዲሆን ጠይቁ፣ እንግሊዝኛ ስለጠፋቸው በሽተኛ እንዳይባሉ።

አፋቸው በድንገት ከተኮላተፈ ግን ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ነገ ሳትሉ ያኔውኑ ሆስፒታል።