የተረከዝ ሕመም ላለበት ተራራ ወጪ፦ ከአልጋ ጫፍ እስከ እንጦጦ ቁልቁለት

ቅዳሜ እንጦጦ ወጥተው ወረዱ፤ ማታ እግርዎን ለቅለቅ አድርገው በሰላም ተኙ። እሑድ ጠዋት ከአልጋ ወርደው ወለሉን ሲነኩ ግን ሚስማር የረገጡ ያህል ተረከዝዎን ይወጋዎታል። እያነከሱ መታጠቢያ ቤት ደርሰው እስኪመለሱ ለቀቅ ያደርግዎታል፤ ቁርስ ላይ ረስተውታል። ከሰዓት በኋላ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጠው ሲወርዱ ያው ውጋት ይመለሳል። እንዲህ የሚመላለስ የተረከዝ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ፕላንታር ፋሺያይትስ የሚባለው ነው። ተራራ ለዘለዓለም አያስተውም፤ አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። በሳምንት ግን አይለቅም፤ ወራት ይፈልጋል።

የጠፍር አልጋ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከተረከዝ አጥንት ሥር ተነሥቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የተወጠረ ወፍራም የጅማት ጠፍር አለ። የእግርን ቅስት ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። የሚጎዳውም ብዙውን ጊዜ ከተረከዙ አጥንት ጋር በተያያዘበት ቦታ ነው። ስንተኛ እግራችን ወደ ታች ስለሚዘረጋ ጠፍሩ ሌሊቱን አጥሮ ያድራል፤ ጠዋት ሙሉ የሰውነት ክብደት በድንገት ሲወጥረው ያማል።

ዳገት ላይ የባት ጡንቻ ተረከዙን ወደ ላይ፣ ጠፍሩ ደግሞ ወደ ፊት ይጎትቱታል፤ ሁለቱም የታሰሩት አንድ አጥንት ላይ ነው። ባቱ የጠጠረ ሰው ተረከዙ የሚታመመው ለዚህ ነው። በጣት ጫፍ ገፍተን በተራመድን ቁጥር ደግሞ ጣቶቹ ወደ ላይ ሲታጠፉ ጠፍሩ የባሰ ይወጠራል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ተረከዝ ነው፤ ያውም የቦርሳው ክብደት ተጨምሮበት።

ሕመሙ የትኛው እንደሆነ ይለዩ

ይቀመጡና ያመመዎትን እግር ሌላኛው ጉልበት ላይ ያስቀምጡ። በአንድ እጅ የእግር ጣቶችዎን ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ፤ ጠፍሩ እንደ ክራር ክር ተወጥሮ በቆዳው ሥር ይታያል። በሌላኛው እጅ አውራ ጣት ጠፍሩን እየተከተሉ ወደ ተረከዙ ይሂዱ። ለስላሳው ቅስት አልቆ አጥንቱ በሚጀምርበት፣ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ውስጠኛው ጎን በሚያዘነብለው ቦታ ላይ ጫን ሲሉ «እሷ ናት!» የሚያሰኝ ነጥብ ካለ፣ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው።

ሕመሙ በትክክል ተረከዙ መሃል ሆኖ፣ ጠዋት ሳይሆን ጠንካራ ወለል ላይ ብዙ ሲቆሙ የሚብስ ከሆነ የተጎዳው ተረከዝ ሥር ያለው ስብ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ መዘርጋት ብዙ አይረዳም፣ ለስላሳ ሶል ነው የሚያስፈልገው። ከኋላ፣ ጫማው በሚነካው በኩል ከሆነ የባት ጅማቱ ነው። የሚያቃጥል፣ የሚነዝር ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ ነርቭ ይጠረጠራል። ተረከዙን ከግራና ከቀኝ በሁለት መዳፍ ጨምቀው የሚያምዎት፣ በተራመዱ ቁጥርም የሚብስ ከሆነ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ይሆናልና ተራራውን ትተው ሐኪም ጋ ይሂዱ። እዚህ ላይ ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸት ጉዳት ያመጣል።

ራጅ ተነሥተው «አጥንት በቅሏል» ከተባሉ አይደንግጡ። ምንም ሕመም የሌላቸው ብዙ ሰዎችም ያው የአጥንት እሾህ አላቸው፤ ሕመሙ ሲድንም እሾኹ እዚያው ይቀራል።

የጠዋቷ የመጀመሪያ እርምጃ ትመስክር

ዳገት ላይ የሚሰማዎት ሕመም አታላይ ነው። እግሩ ሲሞቅ ይለቅና «ድኛለሁ» ያሰኛል፤ ዕዳው የሚከፈለው በማግስቱ ነው። ስለዚህ ከአልጋ ወርደው የሚረግጧትን የመጀመሪያዋን እርምጃ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ሰጥተው በየቀኑ ስልክዎ ላይ ይጻፉ። 0 ምንም፣ 10 የማይቻል። ደንቡ አጭር ነው፦ በጉዞ ላይ ሕመሙ ከ3 ካልበለጠ፣ የማግስቱ ጠዋት ቁጥርም ከጉዞው በፊት ከነበረው ካልጨመረ፣ ያ ጉዞ ለእግርዎ ልክ ነበር። ቁጥሩ ከጨመረ የሚቀጥለውን ጉዞ በግማሽ ይቀንሱ። ሙሉ በሙሉ አያቁሙ። ለአንድ ወር ተኝቶ ከርሞ በአምስተኛው ሳምንት የአምስት ሰዓት መንገድ የሚወጣ ሰው ሕመሙን እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ጠፍሩ በእረፍት ጊዜ ደክሟልና።

ከአልጋ ሳይወርዱ

እግርዎ ወለል ሳይነካ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ። ያመመውን እግር ጉልበትዎ ላይ አድርገው አምስቱንም ጣቶች ከሥራቸው ይዘው ወደ ቅልጥም ይሳቡ። የውስጥ እግሩን በሌላኛው እጅ ዳሰስ ሲያደርጉት መወጠሩን ካላገኙት በቂ አልሳቡም ማለት ነው። እስከ 10 ቆጥረው ይልቀቁ። 10 ጊዜ ይድገሙት። በቀን ሦስት ጊዜ ይሠራል፤ የጠዋቷ ግን አትታለፍም። ረጅም ጊዜ ተቀምጠው ከመነሣትዎ በፊትም ቢሠሩት ያ የታክሲው ውጋት ይቀንሳል።

ከዚያ ባት። ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመው ሁለት እጅዎን ይደግፉ፤ ያመመውን እግር ወደ ኋላ አድርገው ተረከዙ መሬት ሳይለቅ፣ ጉልበቱ ሳይታጠፍ ወደ ፊት ያዘንብሉ። 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ የኋላውን ጉልበት ትንሽ አጥፈው ያንኑ ይድገሙ፤ ይኼኛው ወደ ታች ያለውን ጡንቻ ያገኘዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የኋላ እግሩን ጣቶች ወደ ውጭ በማዞር ነው። ጣቶቹ ግድግዳውን ቀጥ ብለው ይዩ።

በረዶ ለማስታገስ ይረዳል። የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ጎደል አድርገው ሞልተው ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩትና ካልሲ አድርገው ማታ 10 ደቂቃ ያህል ውስጥ እግርዎን ያንከባሉበት። አያድንም፤ ያስታግሳል። ስኳር ሕመም ኖሮብዎት እግርዎ የሚደነዝዝ ከሆነ ግን ይቅርብዎ፤ ቅዝቃዜው ሲያቃጥልዎ አይሰማዎትም።

ጠፍሩን ማጠንከር

መዘርጋት ብቻውን ለተራራ ሰው አይበቃም። ጠፍሩ ሸክም እንዲችል ሸክም መልመድ አለበት። ደረጃ ላይ ወይም ወፍራም መጽሐፍ ላይ ይቁሙ። ፎጣ ጠቅልለው ከጣቶችዎ ሥር ብቻ ያድርጉ፤ ጣቶቹ ወደ ላይ እንዲታጠፉ ነው። ተረከዝዎ ከጠርዙ ውጭ ይሁን። ግድግዳ ወይም የደረጃ እጀታ ይዘው በአንድ እግር እስከ 3 እየቆጠሩ ይነሡ፤ ላይ ሆነው 2 ይቁጠሩ፤ እስከ 3 እየቆጠሩ ይውረዱ። በአንድ እግር ካቃተዎት በሁለቱ ይጀምሩ።

በየሁለት ቀኑ፣ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ የጉዞ ቦርሳዎን ተሸክመው መጽሐፍ ወይም የውሃ ጠርሙስ ይጨምሩበትና ቁጥሩን ወደ 10፣ ዙሩን ወደ አራት ያድርጉ። እንደገና ሁለት ሳምንት ሲያልፍ 8 ጊዜ፣ አምስት ዙር፣ በከበደ ቦርሳ። የሚሠራው ፍጥነቱ ሳይሆን ዝግታው ነው፤ እንደ ስፖርት ቤት ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ካሉ የሚደክመው ባት ብቻ ነው። ውጤቱ በሦስት ወር ገደማ ይታያል። አብዛኛው ሰው በሦስተኛው ሳምንት ሰልችቶት የሚተወውም ይኼንኑ ነው።

ጫማ

ሰልባጅ ተራ ጥሩ ቡት ይገኛል፤ መፈተሽ ግን ይጠይቃል። ተረከዙንና አፍንጫውን ይዘው ይጠፉት፦ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት እንጂ መሃሉ ላይ አይደለም። ከዚያ እንደ እርጥብ ልብስ ይጠምዝዙት፤ እሺ ካለ ይተዉት። የተረከዙን ጀርባ በአውራ ጣት ሲጫኑት መርገብ የለበትም። በመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት፤ ወደ አንድ ጎን የተንጋደደ ጫማ የሌላ ሰው አረማመድ ይዞ ይመጣል። ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ ቡትም ያው ነው፦ ላዩ አዲስ ሆኖ የመሃሉ ሶል ደርቆ ይፈረፈራል፣ መንገድ ላይም አፉን ይከፍታል።

ቅስቱን የሚደግፍ የውስጥ ሶል ያስገቡ። በልክ የሚሠራውን ውዱን ከማዘዝዎ በፊት ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ይሞክሩ፤ ለአብዛኛው ሰው ልዩነቱ ትንሽ ነው።

አስተሳሰሩም ነገር አለው። ተቀምጠው ጫማውን ካጠለቁ በኋላ ተረከዝዎን መሬት ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርገው ወደ ኋላ ያስገቡት። ክሩን ከጣቶች በኩል ላላ አድርገው ይጀምሩ። ቁርጭምጭሚቱ የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርሱ ሁለቱን ክሮች አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ አጠላልፈው ጠበቅ ያድርጉ፤ ያ ጥልፍ አይላላም፣ ተረከዙን ከኋላ አጥብቆ ይይዘዋል። ከዚያ በላይ ያለውን እንደሚመችዎ።

ቤት ውስጥ በባዶ እግር በሴራሚክ ላይ መሄድ ለጊዜው ይቅር፤ ስስ ነጠላ ጫማም ከባዶ እግር አይሻልም። ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ሰዎች ጫማ አውልቀው ሁለትና ሦስት ሰዓት ይቆማሉና ምንጣፍ ያለበትን ቦታ ይምረጡ፣ መቋሚያውን ይደገፉ፣ ክብደትዎን ከእግር ወደ እግር ያዘዋውሩ። ስግደት ላይ በጣት ጫፍ ተነሥቶ መቆሙ ጠፍሩን ክፉኛ ይወጥረዋል፤ ባመመዎት ሰሞን ባላመመው እግር ተደግፈው ይነሡ።

ለጉዞው ቀን ማሰሪያ

ፋርማሲ የማይለጠጥ፣ ወርዱ ወደ 4 ሴንቲሜትር የሆነ የጨርቅ ፕላስተር ይግዙ። እግርዎ ታጥቦ የደረቀ ይሁን፤ ቅባት ካለ አይጣበቅም። የመጀመሪያው ቁራጭ ከትንሿ ጣት ሥር በውጭ ጎን ተነሥቶ፣ ተረከዙን ከኋላ ዞሮ፣ በውስጠኛው ጎን እስከ አውራ ጣት ሥር ይሄዳል። በላዩ ሌላ አንድ ይድገሙ። ከዚያ አጫጭር ቁራጮችን ከውጭ ጎን ወደ ውስጥ፣ በቅስቱ ሥር አሳልፈው ወደ ላይ ሳብ እያደረጉ ይለጥፉ፤ ከተረከዙ ጀምረው ወደ ፊት፣ እያንዳንዱ የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን። በእግሩ ጀርባ ዙሪያውን አይዝጉት፤ እግር ሲያብጥ ያንቃል። ጣቶችዎ ከቀዘቀዙ ወይም ቆዳው ካሳከከዎት ወዲያው ይንቀሉት።

ዳገትና ቁልቁለት አረማመድ

ከመነሣትዎ በፊት 10 ደቂቃ ለጥ ባለ ቦታ ይራመዱ። ዳገቱ ላይ በጣት ጫፍ አይውጡ፤ እርምጃዎን አሳጥረው መላ እግርዎን ያሳርፉ፣ ቀጥ ያለውንም መንገድ እንደ ገጠር ሰው ዘወር ዘወር እያሉ ይውጡት። ቁልቁለት ላይ ጉልበትዎን ለዘብ አድርገው፣ በሁለት ምርኩዝ ተደግፈው፣ ተረከዝዎን ሳይወረውሩ ይውረዱ። አስፋልት ካለና ጎኑ አፈር ከሆነ አፈሩን ይምረጡ።

ከመውጣትዎ በፊት አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ መዋጥ መጥፎ ልማድ ነው። ጨጓራና ኩላሊትን መንካቱ ሳይቀር፣ ይቁሙ የሚልዎትን ሕመም ይሸፍነዋል። ተረከዝ ውስጥ የሚሰጠው የኮርቲዞን መርፌም ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል፤ ሲደጋገም ግን ጠፍሩን ሊያስበጥሰው፣ የተረከዙን ስብም ሊያሳሳው ይችላል።

በጉዞ ላይ ውስጥ እግርዎ «ጧ» ብሎ ወዲያው ካበጠና ከጠቆረ፣ ትኩሳት ካለዎት፣ ወይም ሁለቱም ተረከዝ አንድ ላይ አሞዎት ጠዋት ወገብዎም ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚገትርዎ ከሆነ ሐኪም ይይዎት። ሦስት ወር በሥርዓት ሠርተው የጠዋቱ ቁጥር ካልወረደም ፊዚዮቴራፒስት ጋ ይሂዱ።

መመለሻ

ቁጥሩ ለሁለት ሳምንት 3ና ከዚያ በታች ከሆነ 45 ደቂቃ ለጥ ባለ የአፈር መንገድ ይጀምሩ፤ ያለ ቦርሳ፣ በሁለት ቀን አንዴ። ከዚያ አጭር ዳገት፣ ከዚያ ረዘም ያለ፣ ቦርሳ መጨረሻ። ርቀቱንና ዳገቱን በአንድ ሳምንት አብረው አይጨምሩ፤ ቁጥሩ ሲጨምር የትኛው እንዳደረገዎት አያውቁም። እንጦጦ ለመፈተኛ የሚመቸው ዳገቱ መጀመሪያ ስለሆነ ነው፦ ቅር ካለዎት ካሉበት ይመለሳሉ። ወንጪ ግን ወደ ሐይቁ ወርደው፣ እግርዎ ከደከመ በኋላ ነው ዳገቱ የሚጠብቅዎት፤ ለኋላ ያቆዩት።

ሰሜን ተራሮች የሚያስቡ ከሆነ ከሳንቃበር ካምፕ ወደ ጊጭ ካምፕ ያለው ቀን ጂንባር ወንዝ ድረስ ወርዶ እንደገና መውጣት ነው፤ በማግስቱ እመት ጎጎ የሚባለው ጫፍ፣ 3,926 ሜትር ላይ ደርሰው ወደ ጨነቅ ካምፕ ይሄዳሉ። ተከታታይ ቀናት ስለሆኑ የጠዋቱን ቁጥር ድንኳን ውስጥም ይመዝግቡ፤ ከ3 በላይ ከሆነ የዚያን ቀን መንገድ ያሳጥሩ። ደባርቅ ላይ በቅሎ ሲከራዩም ቦርሳውን ለእሷ ሰጥተው እርስዎ ውሃዎንና ፕላስተሩን ብቻ ይያዙ።