ካሬው በጥጉ ሲቆም፦ የጨርቅ ቅጥልጥል ስትሰፉ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

የመጀመሪያ ሥራዬን አልጋ ላይ ስዘረጋው መሀሉ ደህና ነበር። ዳር ዳሩ ግን እንደ ሽንሽን ቀሚስ ተወዛወዘ። ሐዋሳ፣ ሰፈራችን ካለ ልብስ ሰፊ በፌስታል የለቀምኩት ቁርጥራጭ ነው፤ የሁለት ሳምንት ልፋት። ጎረቤታችን እትዬ ገብተው አዩና «አንቺ ልጅ፣ ድሪቶ ጀመርሽ እንዴ?» አሉኝ። ጥርሴ ሳቀ፣ ሆዴ አረረ።

ካሬዎችን ጎን ለጎን መግጠም ቀላል ነው። ጉዱ የሚመጣው ካሬው በጥጉ ሲቆም ነው። ያኔ ዳርና ጥጉ ላይ ክፍት ቦታ ይቀራል። እሱን የሚሞሉት ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። እኔ ሳንቡሳ ነው የምላቸው።

ትልቁ ስህተት ድርና ማጉን ሳያዩ ሳንቡሳዎቹን መቁረጥ ነው። የኔም ጥፋት ይሄው ነበር። ነጠላችሁን በድሩ ወይም በማጉ ጎትቱት፤ ብዙም አይለጠጥም። ተቃራኒ ጥጎቹን ይዛችሁ ስትጎትቱት ግን ይረዝማል፣ ቅርጹም ይበላሻል። የሥራችሁ ውጫዊ ዳር በዚህ ሰያፍ አቅጣጫ ከተቆረጠ መወዛወዙ አይቀርም። ስለዚህ ከሳንቡሳው ወደ ውጭ የሚዞረው ጎን ድሩን ወይም ማጉን ተከትሎ መሄድ አለበት። ለዳር የሚሆኑትን ከትልቅ ካሬ አውጡ፤ ከጥግ ወደ ጥግ ሁለት ጊዜ በመስቀለኛ ስትቆርጡት አራት ይወጣል። ለአራቱ ጥጎች ደግሞ ሁለት ትንንሽ ካሬ ይበቃል፤ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ለሁለት ይቆረጣል። እኔ የዳሮቹንም አንዴ ብቻ ቆርጬ ነው ጉድ የሆንኩት።

ግምትም ያስከፍላል። ተሰፍቶ 20 ሴንቲ የሚሆን ካሬ በጥጉ ሲቆም ወርዱ 28.3 ሴንቲ ነው፤ 20 በ1.414 ተባዝቶ። ሌላ ጊዜ ሦስት በሦስት ደርድሬ 60 ሴንቲ የትራስ ልብስ እሠራለሁ ብዬ 85 ሆነብኝ። ትራስ ቀርቶ ሕፃን ይጠቀልላል! ካሬዎቹም 9 ብቻ አይደሉም። መሀል የሚገቡት 4 ሲጨመሩ 13 ይሆናሉ፤ 8 የዳርና 4 የጥግ ሳንቡሳም ይፈልጋሉ።

የስፌት ትርፍ አትርሱ። በየጎኑ 6 ሚሊሜትር ይበቃል፤ ስለዚህ ባለ 20ው ካሬ ሲቆረጥ 21.2 ነው። ለዳር ሳንቡሳ የሚሆነው ትልቅ ካሬ 28.3 ላይ 3.2 ተጨምሮ 31.5 ይሆናል። ለጥግ ደግሞ 20ን ለ1.414 አካፍሉና 2.2 ጨምሩ፤ ወደ 16.3 ይመጣል። እኔ 32 እና 17 አድርጌ ነው የምቆርጠው። የተረፈው ይከረከማል፤ ያነሰውን ማን ይቀጥለዋል?

መስመሩን አግድም መስፋትም አያስኬድም። የሚሰፋው በሰያፍ ነው፦ 1፣ 3፣ 5፣ 3፣ 1 ካሬ፣ ከነጫፍ ሳንቡሳቸው። የቀሩት ሁለት የጥግ ሳንቡሳዎች መጨረሻ ላይ ይገባሉ። መጀመሪያ ወለል ላይ ደርድሩና በስልክ ፎቶ አንሱት። አንድ ሕፃን ሮጦ ካለፈበት ቅደም ተከተሉን የሚያስታውስ ሰው የለም።

ካውያውን አትግፉት። ጫን፣ ነሳ፣ ጫን፣ ነሳ። እንፋሎቱንም ተዉት፣ ጨርቁን ይለጥጠዋል። የአንዱን መስመር ስፌት ወደ ቀኝ፣ የቀጣዩን ወደ ግራ አስተኙ፤ ሲገናኙ ይገጣጠማሉ። መብራት ከሄደ ቡና አፍልታችሁ ጠብቁ እንጂ ሳትተኩሱ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

በመጨረሻ ዳሩን ስትከረክሙ ከካሬዎቹ ሹል ጫፍ 6 ሚሊሜትር አስተርፉ። ልክ ጫፉ ላይ ከቆረጣችሁ ጠርዙ ሲሰፋ ሹሉ ስፌቱ ውስጥ ይገባል። ያ 85 ሴንቲው አሁን ሶፋ ላይ ነው፤ አሥራ ሁለቱም ሹሎቹ ጎምደው ይታያሉ።